የጋሻ ጃግሬው ግራ እግር

«ይህን የሣለችው የማን ልጅ ናት?»

ይህን ስሰማ የበሰበሰ ሽንኩርት ከደህናው እየለየሁ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የአሶሳ ገበያ ሞልቷል። ከፊት ለፊቴ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ ትቶ አንድ የተባዛ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ ለተሰበሰበው ሰው ያነብባል፤ ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እንዲያውም የልጄ ሥራ ስለሆነ ከሁሉ አስበልጬ፣ በእጄ ጉልበቴን እየመታሁ ነበር የምስቀው። ያን ጊዜ ከሳቂዎቹ ኋላ አንድ ጠመንጃ ከነባለቤቱ መጥቶ ቆመ።

ሰውዬው ወረቀቱን ከልብስ ሰፊው እጅ ወሰደና ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል በሁለት ሳጥን የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ሳጥን በአሶሳ ሙቀት የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ አንድ ቁልፉ የጎደለ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ ሰው ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ሲል ይፎክራል፦

«ይመስክር ግራ እግሬ፣ ጥይት ያደረበት፤
ስንቱ ሲፈረጥጥ፣ እኔ የቆምሁበት!»

በሁለተኛው ሳጥን ይኸው ሰው እግሩ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ምድር ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ይወርዳል።

ወረቀቱን የያዘው ሰውዬም የወታደር ካፖርት ለብሷል። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ግራ እግሩንም ያነክሳል። ሳቁ እንደ ፋኖስ እፍ ተባለና ጠፋ። ከሥዕሉ ሥር የሴት ስም አይቶ «የማን ልጅ ናት?» ያለው እርሱ ነበር።

ልብስ ሰፊው ደግ ሰው ነው፤ የጠየቁትን መልስ አያሳድርም። «የዚያችኛዋ ሽንኩርት ሻጭ ልጅ ናት መሰለኝ» ብሎ በመቀሱ ጠቆመ። እኔ ግን በጠቆመበት ቦታ አልነበርሁም።

የነበርሁበትን ከመናገሬ በፊት ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስረዳ፤ አለዚያ ሰው ያለምክንያት የምትደበቅ ሴት ናት ይለኛል። ያለምክንያትም ተደብቄ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ምክንያት ነበረኝ።

ዘመኑ ክልሉ አዲስ የሆነበት ነው። በየሳምንቱ አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፤ ቤቱ ሳይለሰን ታፔላው ቀድሞ ይሰቀላል። ሰው ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው «አንተ ከየትኛው ነህ?» ሆኗል። እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን፤ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የሚወጣ መልስ አልነበረንም። ባሌ ያን በጋ ወርቅ እናጥባለን ካሉት ጋር ሄዷል፤ እኔና ልጄ ከተማ ገብተን ቤት ተከራይተን እሷ ትማራለች፣ እኔ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል በጣቴ እየተከተልሁ አነባለሁ፤ ጣቴ ከቀደመኝ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ልጄ ትምህርት ቤታቸው ባለው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሥዕላዊ ታሪክ ትሣል ነበር። ከመሀል አገር የተመደበ የአማርኛ መምህራቸው «ጀግና ያለ ታሪክ ጡንቻ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳገኘው ንገሩኝ» አላቸው። በዚህ ክበቡ ተጣላ። አንዱ ጀግናው በርታ ይሁን ይላል፤ አንዱ ጉሙዝ፣ አንዷ ሺናሻ። መምህሩ ጨነቀውና ጀግናው ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ፣ አባት እናቱ የማይታወቅ ይሁን ብሎ ገላገላቸው። ሁሉም እጅ አወጡ።

ጀግና ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ጋሻ ጃግሬ ያስፈልገዋል። ጋሻ የሚሸከም፣ የሚፈራ፣ የሚያስቅ። የጋሻ ጃግሬው ነገር ሲነሳ «የእኛ ይሁን» ያለ አንድም አልተገኘም። ስለዚህ ለሰፋሪ ደረሰ። በክበቡ ውስጥ ሰፋሪ ደግሞ ልጄ ብቻ ናት።

«እማ፣ ለጋሻ ጃግሬው ታሪክ ስጪኝ» አለችኝ ማታ ሽሮ ስበላ።

«ምን ዓይነት?»

«ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሆነ። ለምሳሌ ለምን እንደሚያነክስ። ማነከስ አለበት፤ መምህሩ ምልክት ይኑረው ብሏል።»

እኔ ለጠየቀኝ ሰው አንድ ጭልፋ ወጥ ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ ስሰጥ ግን ድስቱን ነው የምገለብጠው። በሰፈራ መንደራችን የነበረውን ሰው ነገርኋት። በየሠርጉ ተነሥቶ እግሬ ላይ ጥይት አድሯል እያለ ይፎክራል፤ ሰው እልል ይላል። እኔ ግን በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ወደ ወንዝ ስወርድ ከማንጎ ዛፍ ዱብ ሲል አይቼዋለሁ። አይቼዋለሁ ማለቴ፣ ሲወድቅ አየሁ እንጂ ሲያርፍ አላየሁም። ዱብ ሲል ጋኔን መስሎኝ እንስራዬን ጥዬ ሮጫለሁ። በማግስቱ እግሩ ታስሮ አየሁት፤ «የድሮ ቁስሌ አገረሸ» ይላል። ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ደግ ስለሆንሁ አይደለም፤ ስለፈራሁት ነው።

ስሙን ለልጄ አልነገርኋትም። ስሙ ግን ምን ያደርጋል? ፉከራውን ከልጅነቷ ጀምሮ በየሠርጉ ሰምታዋለች። ካፖርቱንም ታውቀዋለች። ቁልፉን እንኳ አልረሳችለትም። ሰውዬው ያን ጊዜ እርሱም ከተማ ገብቶ ያንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆኖ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘው ለዚያ ነው።

አሁን ወደነበርሁበት ልመለስ። ጎረቤቴ ባሚያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት፤ የደረቀ ባሚያዋን በሰሌን ላይ አስጥታ በሌላ ሰሌን ከነፋስ ትሸፍነዋለች። እኔ በሁለቱ ሰሌኖች መካከል ነበርሁ።

«አንቺ ምን ሆነ?» አለችኝ ጎንበስ ብላ። «ሽንኩርት ትቶ እዚህ ምን ይሠራል?»

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። የእኔን በርታኛ የሰማ ግን በእርሷ አማርኛ አይስቅም፤ እኔ በበርታኛ ሰላም ስላት ዕቃ የወደቀባት ይመስል ትደነግጣለች።

«ዝም በይ! ያ ሰውዬ ሊገድለን ነው።»

«የትኛው? ካፖርት የለበሰ? ወላሂ እሱ ዶሮ አይገድልም።»

«ጠመንጃ ይዟል እኮ!»

«ጠመንጃ ሁሉም ሰው ይዟል። ኸላስ፣ በቃ፣ ተነሣ። ባሚያዬ ላይ ተኝቷል፣ ሁሉ ዱቄት ሆነ።»

«ሄዷል?»

ቀና ብላ አየች። «ሄደ።»

«ተመስገን። ወዴት?»

«ልጅሽ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ትምህርት ቤት ነው አለው። ወደዚያ ሄደ።»

ከሰሌኑ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ነጠላዬ ላይ ባሚያ፣ ፀጉሬ ላይ ባሚያ ሆኖ ሮጥሁ። ቅዳሜ ክበቡ ስለሚሰበሰብ ልጄ እዚያው እንዳለች አውቃለሁ። ሰውዬው በዋናው መንገድ ሄዷል፤ እኔ በውስጥ ለውስጥ፣ በቀርከሃ አጥሮች መካከል ገባሁ። መንገድ ላይ ፖሊስ ጣቢያ አለ። ደጃፉ ደርሼ ልጮህ አፌን ስከፍት በር ላይ የቆመው ፖሊስም ጠመንጃ እንደያዘ አየሁ። አንድ ጠመንጃ ፈርቶ ወደ ሁለተኛ ጠመንጃ መሮጥ የኔ ቢጤ አያደርገውም። «እንዴት ዋላችሁ» ብዬ አለፍሁ። ፖሊሱም «ደህና ዋሉ እናቴ፣ ፀጉርዎ ላይ የሆነ ነገር አለ» አለኝ።

ደግነቱ ሰውዬው ያነክሳል። ያን ዕለት ያችን የማንጎ ዛፍ ያላመሰገንሁበት እርምጃ የለም።

ስደርስ ልጄ በክበቡ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አቀርቅራ ስቴንስል በሚሉት የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ ትጭራለች። ጣቶቿ እስከ አንጓዋ በማባዣ ቀለም ጠቁረዋል።

«ተነሽ! ባምባሲ እንሂድ!»

«ባምባሲ ምን አለን?»

«ምንም የለንም። ለዚያ ነው የምንሄደው፤ ማንም አይፈልገንም።»

«እማ፣ ክፍል ሁለት ሰኞ መባዛት አለበት። ለመሆኑ ምን ተኝተሽበት ነው?»

«ባለ ካፖርቱ አይቶታል! ጠመንጃውን ይዞ እየመጣ ነው! እናንተ ታሪኩን ታባዛላችሁ፣ እሱ እኛን ሊቀንሰን ነው!»

ትንሽ ፊቷ ተለወጠ። እናት የልጇን ፊት ታውቃለች፤ እሷም ፈራች። ይህን ሳይ የኔ ፍርሃት ሌላ ዓይነት ሆነ። እስከዚያ ለራሴ ነበር የፈራሁት፤ አሁን ግን ለእሷ። ክፍሉ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ በሩ ላይ ደግሞ ያን ጊዜ ጥላ ወደቀበት። ካፖርት፤ ጠመንጃ፤ በእጁ የተጨማደደ ወረቀት።

ልጄን ከኋላዬ አደርጋታለሁ ብዬ ተነሣሁ። ልብ ስል እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ቀሚሷን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እንዲህ ሆኜ ምናልባት እስከ ዛሬ እቆም ነበር፤ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ተሰማኝ። ከዚያ አላውቅም፣ ብቻ ከፊቷ ወጥቼ ጮህሁ። ድምፄ እንደ አንበሳ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት፤ የወጣው እንደ ጫጩት ነው።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነገርኋት! የእሷ እጇ ብቻ ነው፣ አፉ የኔ ነው!»

ሰውዬው በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ግራ ቀኙን ተመለከተና «ዝም በይ እታለም፣ ሰው ይሰማል» አለኝ በሹክሹክታ። «እስቲ ወዲህ ውጪ። አንቺን ለብቻሽ ነው የምፈልገው።»

ልጄ «እማ አትሂጂ» አለች። እኔም መሄድ አልፈለግሁም፤ ግን እኔን ከፈለገ እሷን አልፈለገም ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። ግቢው ጥግ ወሰደኝ። ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎት ጀመርሁ፤ ጸሎቱም ከግማሽ ጠፋብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎት ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ያስተካክላል። ሥዕሉን አይደለም ያሳየኝ፤ ከገጹ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። በጣቴ ተከትዬ አነበብሁ፦ ጋሻ ጃግሬው ዛፍ ላይ ለምን ወጣ? በክፍል ሁለት ጠብቁ።

«ይህ ምንድነው?» አለኝ።

«ይሄማ… ልጆቹ ናቸው እንዲህ የሚሉት። ሰው ቀጣዩን እንዲያነብ ነው።»

«እታለም፣ እኔና አንቺ አንድ መኪና ላይ ተጭነን የመጣን ነን። በልጅሽ ይዤሻለሁ። የአህያዋን ነገር እንዳታወጪው።»

«የምን አህያ?»

«በጀ፣ አሁን ደግሞ አላውቅም በይኛ! ከታች ቆመሽ አይተሽ የለም እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ስለ አህያ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም አልሁ። እሱም ዝምታዬን ሲያይ ሁሉን ዘረገፈው።

አገሩ አንበሳ ይበዛበታል ብለው አስፈራርተውን ነበር የመጣነው፤ ይህን እኔም አስታውሳለሁ። እሱ ከማሳው ሲመለስ በሰንበሌጡ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። መጥረቢያውን ወርውሮ ማንጎው ላይ ይወጣል። ሰንበሌጡ ይነቃነቃል፣ እሱ ወደ ላይ ይጨምራል። በመጨረሻ ሰንበሌጡ ተከፍሎ የአንድ በርታ ገበሬ አህያ ከነጭነቷ ብቅ ትላለች።

«ታዲያ ምን አወደቀህ?» አልሁት፣ ፍርሃቴን ረስቼ።

«እፎይ ብዬ እጄን ለቀቅሁ» አለ።

ከንፈሬን ነከስሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ጠመንጃው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ብስቅ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

«ይኸው!» አለኝ፣ ፊቴን እያየ። «ይኸው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ! ከዚያ ቀን ወዲህ ባየሽኝ ቁጥር አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ። ሳቅሽን ልትውጪ እንደሆነ አላውቅም መሰለሽ? ሠርግ ቤት ስፎክር አንቺ ካለሽ ዜማው ይጠፋኛል። አንዳንዴ አንቺ የተጠራሽበት ሠርግ እቀራለሁ።»

እኔ አንገቴን የደፋሁት እሱን ፈርቼ ነበር። እኔም እሱ ካለ ብዬ የቀረሁበት ሠርግ አለ። ሁለት ፈሪዎች ይህን ሁሉ ዓመት እየተሸሻሸን ስንት ድግስ አምልጦናል! ይህን ልነግረው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። በዕድሜዬ የፈራኝ ፍጥረት አልነበረም። ዶሮዎቼ እንኳ ስጮህባቸው ቆመው ያዩኛል። አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊቴ ቆሞ ይለማመጠኛል፤ ትንሽ ልቅመሰው ብዬ ነው።

«አይወጣም» አልሁት፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብዬ። «ማንጎው ግን ወጥቷል።»

«ማንጎው ይሁን። ሰው ከዛፍ ይወድቃል፤ ጦር ሜዳም ዛፍ አለ እላለሁ። ልጅቱ ግን አውሬውን ታሳምርልኝ።»

ቃሌን ለረጅም ጊዜ ጠብቄያለሁ። ዛሬ የማወጣው እሱ ራሱ ለልጅ ልጆቹ ሲያወራው፣ እነሱም መሬት ላይ ሲንከባለሉ ስላየሁ ነው፤ ያም ሆኖ ስም አልጠራሁም።

አብረን ወደ ክፍሉ ገባን። ልጄ ወንበር ከፍ አድርጋ ይዛ በሩ ኋላ ቆማ ነበር። በስንት ልመና አስቀመጥናት።

«ለክፍል ሁለት ነው የመጣው» አልኋት። «ጋሻ ጃግሬው ዛፍ ላይ የወጣው አውሬ አሳድዶት ነው። ንገራት።»

ካፖርቱን አስተካከለ። «አንበሳ ነበር።»

ልጄ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፤ እርሳሷን አነሣች። ሥራዋ ሲነካባት ሌላ ሰው ናት። «አንበሳ አይሆንም ጋሼ። አንበሳውን የሚገጥመው ጀግናው ነው፣ ክፍል ሦስት ላይ። ጋሻ ጃግሬው ቀድሞ አንበሳ ካየ ለጀግናው ምን ይቀረዋል?»

«ነብር በይዋ።»

«ነብርማ ዛፍ ይወጣል። ተከትሎ ያወርድዎታል።»

«ይህስ ልክ ነው» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ጅብ?»

«ጅብ ያስንቃል» አልሁ እኔ፣ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ።

«ጎሽ ይሁን» አለች ልጄ። «ጎሽ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። አይወጣም፣ አይሄድም። እርስዎም ላይ ሆነው ይፎክሩበታል።»

«እላይ ሆኜ እፎክራለሁ?»

«ቅርንጫፍ ላይ ቆመው። ሲፎክሩ እጅዎን ይዘረጋሉ፣ ያኔ ይወድቃሉ።»

ሰውዬው ዓይኑ በራ። አሰበበት። «ስንት ጎሽ?»

«አንድ።»

«ሁለት አድርጊው፣ የኔ ልጅ።»

«ሁለት ይሁኑለት» አልሁ እኔ። ለጎሹ አልሳሳሁም።

ልጄ ሁለት ሣለች። እሱ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ እያየ የአንዱ ቀንድ አጠረ አለ፤ አስረዘመችለት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ለምን ጀግናው አላደረግሽኝም?» አላት።

«ጀግናው ከየት እንደመጣ አይታወቅማ ጋሼ። ቀርከሃ ውስጥ ነው የተገኘው። እርስዎ ግን ይታወቃሉ።»

«ይታወቃል» አለ፣ ደረቱ ወጣ ብሎ። «እኔማ እታወቃለሁ።» ለእኔ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ፣ እያነከሰ በበሩ ወጣና ጠመንጃውን ከግቢው ጥግ አንሥቶ በትከሻው አንጠለጠለ። እስከ መንገዱ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት፤ ዞሮ አላየም።

ያን ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ዘርፈጥ አልሁ። ልጄ ጎኔ መጥታ ተቀመጠችና ከፀጉሬ ላይ ባሚያውን መልቀም ጀመረች፤ በለቀመች ቁጥር በጠቆረ ጣቷ ግንባሬን ታቀልመዋለች።

«እማ፣ እዚያ ጥግ ወስዶ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምን ማለት ነው ምንም?»

እጇን ያዝሁት። ሞቃት ነው፤ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ምንም አልሆነም።

«ተረፍን ማለት ነው» አልኋት። «እኔም አንቺም ደህና ነን።»